ካርታው በማን ስም ነው? በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ለመግዛት ለጠየቃችሁን

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች በአብዛኛው የውጭ ፓስፖርት ይዘው በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በገላን ቤት መግዛት ከሚያስቡ አንባቢዎች የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ላይ ከገበሬ 500 ካሬ ሜትር ተገኝቶልኛል። ደላላው «ሽማግሌዎች ምስክር ሆነው ይፈርማሉ፣ ካርታው በኋላ ይወጣል» ይላል። ቀብድ ልክፈል?

መልስ፦ አይክፈሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፣ ለቤት መሥሪያ ቆርሶ ሊሸጥልዎ አይችልም። ውሉ ከመሠረቱ ሕግ የማያውቀው ስለሆነ የምስክር ብዛት አያድነውም። እነዚህን የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ያጠቃለለው ሸገር ከተማ በተቋቋመበት በ2015 ዓ.ም. በእነዚህ አካባቢዎች ሰነድ አልባ ቤቶች በብዛት ፈርሰዋል። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው ካሳ የሚጠይቅበት ነገር በእጁ የለም።

ጥያቄ፦ ሻጩ የካርታውን ፎቶ በቴሌግራም ልኮልኛል፤ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ምን ላጣራ?

መልስ፦ ከሻጩ ጋር ወይም በሕጋዊ ወኪል በኩል መሬት አስተዳደር ቢሮ ሄደው ማህደሩ እንዲወጣ ያድርጉ። በማህደሩ ያለው የካርታ ቁጥር፣ ስፋትና ስም ከሻጩ ወረቀትና መታወቂያ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ የባንክ መያዣና የፍርድ ቤት እግድ የሚታየው እዚያ ነው። አዲስ አበባና ኦሮሚያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የወሰን ስምምነት ስላደረጉ፣ ድንበር አካባቢ ያለ ቤት ከሆነ ማህደሩ አሁን በየትኛው አስተዳደር እጅ እንዳለ አስቀድመው ይጠይቁ። የሻጩን የጋብቻ ማስረጃም አይርሱ፤ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ የግድ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጀርመናዊ ነው። በስሙ መግዛት ይችላል?

መልስ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 ምክንያት ለአሥርት ዓመታት መልሱ «አይችልም» ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የሚሆኑበትን አዋጅ አጽድቋል፤ ለንብረቱ የሚውለው ዝቅተኛ ገንዘብ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነው። ገንዘቡ በባንክ በኩል ይግባ፣ ደረሰኙም ይቀመጥ። ዝርዝሩን ጠበቃ ይንገራችሁ።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። ለገጣፎ ያየሁትን ቤት በወንድሜ ስም ልገዛ ነው። እሱን እንደ ራሴ አምነዋለሁ፤ ሰው ግን ያስፈራራኛል። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድምዎን ማመንዎ ጥሩ ነው። አደጋው ግን ከወንድምዎ ጠባይ አይመጣም። ዛሬ ያላገባ ቢሆን ነገ ያገባል፣ ሰው ነውና ይታመማል፣ ይበደራል፣ ይሞታል። ካርታው በእሱ ስም ሆኖ ከሞተ ቤቱ ለልጆቹ ውርስ ይሆናል። ዕዳ ካለበት አበዳሪው ቤቱን ያሳግዳል። ያገባ ከሆነ ደግሞ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተገዛ ንብረት፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ባለቤቱ «ግማሹ የእኔ ነው» ብትል ክፉ ሆና አይደለም፤ ሕጉ የሰጣትን ነው የምትጠይቀው። እርስዎ የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት ይዘው ሲቀርቡ ክርክሩ «ብድር ነው ወይስ ስጦታ?» ይሆናል። ቢረቱ እንኳ ከዓመታት በኋላ የሚያገኙት ያን ጊዜ የላኩትን ብር ሊሆን ይችላል፣ ቤቱን አይደለም።

«ችግር ከመጣ ያዛውርልኛል» እንዳይሉ፣ ማዛወሩም ራሱን የቻለ ሽያጭ ወይም ስጦታ ነው። የሚስቱ ስምምነት ያስፈልጋል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ ደግሞ በግልጽ ኑዛዜ አሠራር፣ ማለትም በጽሑፍ ሆኖ በምስክሮች ፊት ተነቦና ተፈርሞ፣ ካልተደረገ አይጸናም።

እርስዎ ወይም ከወላጆችዎ፣ ከአያቶችዎ፣ ከቅድመ አያቶችዎ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበሩ ሌላ መንገድ አለልዎ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሁላችን ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ አውጥተው በራስዎ ስም ይገዛሉ። የውጭ ዜጋ ቤት እንዳይኖረው የሚከለክለው ሕግ ካርዱን በያዘ ሰው ላይ አይሠራም። ወረቀቱ ጊዜ ቢወስድም ይጠብቁ፤ ሻጩ የማይጠብቅ ከሆነ ሌላ ቤት ይፈልጉ። ወንድምዎ በውክልና ይርዳዎት፣ ካርታው ግን በእርስዎ ስም ይውጣ። ገንዘቡን አስቀድመው ልከው ከሆነ ዛሬውኑ የቤተሰብና የንብረት ክርክር የሚያውቅ ጠበቃ ያነጋግሩ። ይህን ምክር ለወግ ያህል አልጻፍኩትም፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር ማስረጃው ይሳሳል።

ጥያቄ፦ ሻጯ ካናዳ ናቸው፤ የሚፈርመው የወንድማቸው ልጅ በጠቅላላ ውክልና ነው።

መልስ፦ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ አይሆንም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በውጭ የተሰጠ ከሆነ በኢትዮጵያ ኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ወካይዋ ሲሞቱ ውክልናው በመርህ ይቋረጣልና በፊርማው ቀን ሴትዮዋን በቪዲዮ ያነጋግሯቸው። ወኪሉ «አይመቻቸውም» ካለ ፊርማው ይቆይ።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ይሻላል ወይስ ሰበታ?

መልስ፦ በነሐሴ ዝናብ ሁለቱንም ሄደው ይዩ፤ መንገዱንና ውኃውን ጎረቤት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ መሠረቱ ብቻ የወጣ የሊዝ ቦታ (ከመንግሥት በኪራይ የተያዘ) በርካሽ ቀርቦልኛል።

መልስ፦ የርካሽነቱ ምክንያት ሕጉ ነው። በሊዝ አዋጅ 721/2004 መሠረት ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሚተላለፍ ቦታ ላይ ሻጩ የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከሊዝ ማስተላለፊያ ዋጋው 5 በመቶውን ነው። የቀረው ለመንግሥት ነው። ስለዚህ ብዙዎች በውሉ ላይ ትንሽ ዋጋ ጽፈው ሌላውን በእጅ ይቀበላሉ። ውሉ ቢፈርስ የሚመለስልዎ የተጻፈው ብቻ ነው፤ በእጅ የሰጡትን ማስረዳት አይችሉም። ያልተከፈለው የሊዝ ቀሪም ወደ እርስዎ ይዞራል። ግማሽ እስኪደርስ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ባለዕጣው ቁልፉን በተረከበ በሁለተኛው ዓመት ከእሱ መግዛት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። 5 ዓመት መሙላት አለበት።