ድመቴ ኦፕራሲዮን ሆና ቤት ገብታለች፤ አሁንስ?

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ውስጥ የቤት እንስሳትን በማከም ዓመታት ቆይቻለሁ። ድመት እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን ከሆነች በኋላ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትያዝ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሴን እነሆ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ኦፕራሲዮኑ ራሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ሆዷ በትንሹ ይከፈትና እንቁላል የሚያመርተው ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከነማህፀኗ፣ ወጥቶ ይሰፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ከ10 እስከ 14 ቀን የእናንተ ነው። ታመው ወደ እኔ ከተመለሱት ድመቶች አብዛኞቹ የተጎዱት ቤት ውስጥ ነው። ስፌታቸውን ልሰው፣ ዘለው፣ ወይም የሰው መድኃኒት ተሰጥቷቸው።

ጥያቄ፦ ዛሬ ከሰዓት በባጃጅ አመጣኋት። ዓይኗ ፈጦ ቀርቷል፣ ስትራመድ እንደ ሰካራም ትወላገዳለች። ልትሞትብኝ ነው እንዴ? (ተማሪ፣ ከጊንጆ)

መልስ፦ አይዞሽ የኔ እህት፣ ማደንዘዣው ገና ስላልለቀቃት ነው። ኬታሚን የሚባለው ማደንዘዣ ድመትን የሚያስተኛት ዓይኗ እንደተከፈተ ነው። ጨርሳ እስክትነቃ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

አልጋ ወይም ሶፋ ላይ እንዳታስተኛት፣ ትወድቃለች። ካርቶን ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፈሽ መሬት ላይ አድርጊላት። ክፍሉ ጭር ያለ፣ መብራቱ የደበዘዘ ይሁን። ዋናው ነገር ብርድ ነው። ማደንዘዣ የሰውነት ሙቀት ይቀንሳል፣ የጅማ የዝናብ ሌሊት ደግሞ ታውቂዋለሽ። በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ጎኗ አስቀምጪላት። ከሞቃት መሸሽ እንድትችል በአንድ ጎኗ ብቻ ይሁን። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ግን አደራ፣ ጭሱ አንቺንም እሷንም ይገድላል።

በየሁለት ሰዓቱ ከንፈሯን ገለጥ አድርገሽ ድዷን እዪ። ሮዝ መሆን አለበት። በጣትሽ ጫን ስታደርጊው ይነጣል፣ ስትለቂው ደግሞ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ድዷ ነጭ ከሆነ፣ ሆዷ እየተነፋ ከሄደ፣ ወይም ከስፌቱ ደም ጠብ ጠብ ማለቱን ካላቆመ፣ ሌሊትም ቢሆን ለሐኪሟ ደውዪ። ውስጧ እየደማ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ መቼ ትብላ? የቤታችን ድመት እንጀራ በሽሮ ለምዳለች። (ከመንደራ)

መልስ፦ ማታ ቀና ብላ መቆም ከቻለች ውሃ ቅመሷት። ካላስታወካት ከወትሮው ሩብ ያህል ምግብ ስጧት። አንዴ ብታስታውክ አትደንግጡ። በማግስቱ ምግብ መፈለግ አለባት። 24 ሰዓት ሙሉ እህል ካልቀመሰች ግን ሐኪም ያስፈልጋል።

ሽሮውን ግን ተዉት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ጨው፣ በርበሬ፣ ቅቤ ያልነካው የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ይበቃታል። ወተት ብዙ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። ቤቱ በጾም ላይ ቢሆንም እሷ ሥጋ ያስፈልጋታል። ሰውነቷ ከአትክልት የማያገኘው ነገር ስላለ ቁስሏ እንዲጠግግ አስቡላት።

ጥያቄ፦ ሌሊቱን ስታቃስት አደረች። ግማሽ ፓራሲታሞል ብሰጣት ምን ይላል? የልጄ ሽሮፕም አለ። (እናት፣ ከኮቺ)

መልስ፦ በፈጠረሽ፣ እንዳትሰጫት! ፍሬውንም ሽሮፑንም። ከሁሉም ጥያቄ ልቤን የሚነካው ይሄ ነው።

ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። የእኛ ጉበት መድኃኒቱን የሚያስወግድበት መንገድ አለው። የድመት ጉበት በዚያ በኩል በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ውስጧ ወደ መርዝ ተቀይሮ ደሟን ያበላሸዋል። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። እኛ ለራስ ምታት የምንውጣት አንዲት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ድመት ለመግደል ትበቃለች። ግማሹም፣ ሩቡም አደጋ ነው።

አንድ ጠዋት አንድ አባት ድመታቸውን በዘንቢል ይዘው መጡ። ፊቷ አባብጧል። ከንፈሯን ገለጥ ሳደርግ ድዷ የቡና አተላ መስሏል። «አሟት ስለነበር ማታ አንድ፣ ጠዋት አንድ ሰጠኋት» አሉኝ። ለልጆቻቸው እንደሚያደርጉት ነው ያደረጉት። ረፋዱ ላይ እጃቸው ላይ ሞተች። ዘንቢሉን አጥፈው ይዘው ሲወጡ ያየሁት ፊታቸው እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ማንም እንዳይሰጥ የምለምነው ለዚህ ነው።

አስቀድሞ የሰጠ ሰው ካለ ምልክት እስኪያሳይ አይጠብቅ። የመድኃኒቱን እሽግ ይዞ አሁኑኑ ወደ ሐኪም ይሂድ። አሴቲልሲስቴይን የሚባል ማርከሻ አለ፣ ግን የሚረዳው ቶሎ ከተደረሰ ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪንም እንደዚያው አይሞከሩም። የድመት ማስታገሻ አለ። በክብደቷ ተለክቶ የሚሰጥ ስለሆነ ሐኪሟን ጠይቂ። የታዘዘውንም ቢሆን ከተባለው በላይ አንድ ጠብታ እንዳትጨምሪ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የእኔ አዱሬ ቁስሏን አልኮል ልጥረግላት ወይስ የተፈጨ ቡና ልነስንስባት? እኛ ስንቆረጥ ቡና ነው የምናደርገው። (አንዲት እናት፣ ከጅሬን)

መልስ፦ እናቴ፣ ስለጠየቁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ስሟም ደስ ይላል፤ ድመትን በኦሮምኛ «አዱሬ» ብለው መጥራትዎ። ቁስሉ ላይ ግን ምንም አያድርጉበት። ቡናው ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ቆሻሻ ይሆንባታል። እሷም ትልሰዋለች፣ ቡና ደግሞ ለድመት መርዝ ነው። አልኮል ያቃጥላታል። ዴቶልም ስትልሰው ይመርዛታል። ቅቤም ይቅር። የተሰፋ ቁስል የሚፈልገው ደረቅ ሆኖ መቆየት ብቻ ነው። በቀን ሁለቴ አገላብጠው ይዩት፣ አይንኩት። ሁለት ሳምንት አያጥቧት።

ጥያቄ፦ ስፌቱን መላስ አልተወችም። አንገት ላይ የሚደረገውን ኮላር ፈልጌ አጣሁ። (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ የድመት ምላስ እንደ ሞረድ ሻካራ ነው። ክሩን በአንድ ሌሊት ትበጥሰዋለች። ስለዚህ ኮላር ከጠፋ ቤት ውስጥ እንሠራለን።

እኔ የምወደው የአሮጌ ሹራብ እጅጌ ነው። ከብብቷ እስከ ጭራዋ ሥር የሚደርስ ቁረጥ። የፊት እግሮቿን የምታወጣበት ሁለት ቀዳዳ ብሳ። ከኋላ በኩል ከሁለቱ እግሮቿ ፊት አቁመውና ጫፉን ሁለት ቦታ ሰንጥቀህ ከወገቧ በላይ እሰረው። መሽኛዋ ክፍት መሆኑን እርግጠኛ ሁን። ሁለት ጣትህ እንደ ልብ ካልገባ ጠብቋል ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን እንደ ሽባ ጎኗ ላይ ትወድቃለች፣ ወደ ኋላም ትሄዳለች። አትዘንላት፣ በማግስቱ ትለምደዋለች። ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ቀይረው። አሮጌ የራጅ ፊልም ካለህ እሱንም አንገቷ ዙሪያ እንደ ጡሩምባ አፍ ጠቅልለህ ኮላር መሥራት ትችላለህ። ጠርዙን በፕላስተር ሸፍነው፣ ርዝመቱ ከአፍንጫዋ ጥቂት ይለፍ።

ጥያቄ፦ ስፌቱ ሥር ጠጠር ያለ ነገር ይዳሰሳል። አምስተኛ ቀኗ ነው። ትበላለች፣ ትጫወታለች። (ከቦሳ ኪቶ)

መልስ፦ የምትበላና የምትጫወት ከሆነ ብዙ ጊዜ ሰውነቷ ለውስጥ ክሩ የሰጠው ምላሽ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ጥቂት መቅላትም ያለ ነው። እብጠቱ ካደገ፣ ለስላሳ ሆኖ ወደ ውስጥ ሲጫኑት ከገባ፣ ከተከፈተ፣ መግል ወይም ሽታ ካመጣ ግን ዛሬውኑ ውሰዷት። ሙቀቷ ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ፣ ወይም ድብርት ይዟት ጥግ ከተቀመጠችም እንዲሁ። ጤነኛ ድመት 38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው የምትለካው። በእጃችሁ ስትነኳት ብትሞቃችሁ አትፍረዱ፣ ከእኛ ትሞቃለች።

ጥያቄ፦ አንድ ክፍል ቤት ነው ያለኝ። እንዳትዘል እንዴት አድርጌ ልያዛት? (ከአጂፕ)

መልስ፦ መጀመሪያ ኮርኒሱን እይ! ቀዳዳ ካለው ዛሬውኑ በጣውላም በካርቶንም ድፈነው። የራሴን ድመት በዚህ ነው የጎዳኋት። በአምስተኛው ቀን ድናለች ብዬ ችላ አልኳት። ቁም ሳጥን ላይ ወጥታ ኮርኒስ ውስጥ ገባች። ሳወርዳት ሁለት ክር ተበጥሶ፣ ቁስሉ አፉን ከፍቶ ነበር። እንደገና ተኝታ ተሰፋች። እኔ ተምሬ ተምሬ ያደረግኩት ነውና ሌላው ቢያጠፋ አልፈርድበትም።

ከዚያ ወንበሩን ከመስኮትና ከቁም ሳጥን አርቀው። የምትወደውን ቦታ መሬት ላይ አውርድላት። ቤት ውስጥ የምትፀዳዳበት አሸዋ ከሆነ ለሳምንት ያህል በተቀዳደደ ጋዜጣ ቀይርላት፣ አቧራው ስፌቱ ላይ እንዳይለጠፍ። ስታነሳት አንድ እጅህ ደረቷ ሥር፣ ሌላው መቀመጫዋ ሥር ይሁን።

ጥያቄ፦ አራት ግልገሎች ታጠባለች። ወተቷ ይደርቃል? (ከሂርማታ)

መልስ፦ አይደርቅም። ወተቱን የሚያዘው ከአንጎሏ ሥር የሚመነጨው ሆርሞን ነው፣ እሱ ደግሞ አልተነካም። በደንብ ከነቃች ከማታው ጀምሮ ግልገሎቿ ይጥቡ። እየገቡ ስፌቱን ሲረግጡት ካያችሁ ግን ከጡቷ አጠገብ ሆናችሁ አደብ አስይዟቸው፤ ጠብተው ሲጨርሱም ለዩአቸው።

ጥያቄ፦ ኦፕራሲዮን ከሆነች በኋላም አውራ ድመቶች በር ላይ ይጮኻሉ። (ከመርካቶ)

መልስ፦ ጠረኗ ለጥቂት ቀን ይቆያል። አውራው ቢደርስባት ስፌቷን ይጎዳል፣ ስለዚህ በር ዝጉ። ከወር በኋላ እሷ ራሷ እየተንከባለለች ወንድ ከጠራች ግን ውስጧ የቀረ ነገር ሊኖር ስለሚችል ታይ።

ጥያቄ፦ ሦስት ቀን ሆናት፣ ሰገራ አልወጣትም።

መልስ፦ ጾሟን ስለዋለች ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ምንም አይደል። ሽንት 24 ሰዓት ካልወጣት ግን አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ክኒን ስሰጣት ነከሰችኝ።

መልስ፦ ቁስልህን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠበው፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂድ። ቀላል ነው ብለህ አትተወው። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ አይድንም። የድመቷን የክትባት ነገር ለሐኪሙ ንገር። ክኒኑን ከእንግዲህ ሥጋ ውስጥ ደብቀህ ስጣት፣ ሐኪሟም ከምግብ ጋር መሰጠት ይችላል ካለ ነው።

ጥያቄ፦ ቁንጫ ፈልታባታለች። ለከብት የምንረጨው አለ። (ከጅማ ዙሪያ)

መልስ፦ እሱን አትንኩ። የከብትና የውሻ መርጫ፣ በተለይ ፐርሜትሪን ያለበት፣ ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። ስፌቱ እስኪወጣ ጥርሱ በደቀቀ ማበጠሪያ አበጥሩላት፣ ከዚያ ለድመት የተሠራውን ከሐኪም ውሰዱ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶቼ አንዴ ሳትወልድ ማምከን ግፍ ነው ይላሉ። (ወጣት፣ ከቦሳ አዲስ)

መልስ፦ ግፍ የምለው እኔ በዝናብ ቱቦ ሥር የሚጣሉትን ግልገሎች ነው። ድመት ከአራት ወር ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናዋ ዘጠኝ ሳምንት ብቻ ነው፣ እያጠባችም ታረግዛለች። መውለድ ለጤናዋ የሚጨምርላት ነገር የለም። እንዲያውም ስድስት ወር ሳይሞላት ኦፕራሲዮን የሆነች ድመት የጡት ካንሰር የሚይዛት ዕድል በ91 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ የታየ ነገር ነው። በድመት የጡት ካንሰር ደግሞ አብዛኛው ክፉ ነው።

ወፈረች የሚሉት እውነት አለው። የምግብ ፍላጎቷ ይጨምራል፣ የሚያስፈልጋት ግን ይቀንሳል። ቁስሏ ከዳነ በኋላ ድርሻዋን ሩብ ያህል ቀንሺ።

ጥያቄ፦ የቡና መጋዘን አለኝ። ድመቷ አይጥ ጠባቂዬ ናት። ከዚህ በኋላ ሰነፍ ትሆናለች? መቼስ ልመልሳት? (ነጋዴ፣ ከመርካቶ)

መልስ፦ ጋሼ፣ አደኑ ከማህፀኗ ጋር አይገናኝም። አይጥ መያዟን አትተውም፤ ወንድ ፍለጋ መጥፋቷ ስለሚቀር እንዲያውም መጋዘኑን አትለይም። ግን 14 ቀን ይታገሱ። ጆንያ በጆንያ ላይ እየወጣች ስፌቷ አይጸናም። ክሩ ከውጭ የሚታይ ከሆነ ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ያስወጡላት፣ ቤት ውስጥ በመቀስ አይሞክሩት።

ከመመለስዎ በፊት ደግሞ መጋዘኑን ይዙሩና የአይጥ መርዝ ካለ ያንሱ። መርዝ የበላ አይጥ ስትበላ እሷም ትመረዛለች፣ አንዳንዱ መርዝ ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። የሞተ አይጥ ከጆንያ ሥር ካገኙም ጠርገው ያውጡ፣ ከዚያ በሩን ይክፈቱላት።