መልስ፦ በታብሌት ስስል ጥላው ለምን ፕላስቲክ ይመስላል?

የሳልከው ፊት ጥላው ከመጠን በላይ ለስልሶ ፕላስቲክ እንደሚመስልብህ ጽፈሃል። ምክንያቱ ኤርብራሹ (ቀለሙን እንደ ጭጋግ አለስልሶ የሚረጨው ብሩሽ) ይመስለኛል። ለጊዜው ተወው። በሥዕል መሣያው ፕሮግራም በክሪታ የእርሳስ ብሩሽ ምረጥና እንደ ወረቀት ላይ ጥላውን በመስመር ሥራው። መስመሮቹ የጉንጩን ክብነት ተከትለው ይጠምዘዙ፤ ሁሉም ቀጥ ካሉ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ይበልጥ መጨለም ያለበት ቦታ ላይ በሌላ አቅጣጫ መስመር ደርብበት። ብዕሩን ጫን ስትል መስመሩ መወፈሩን ደግሞ አረጋግጥ።

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ሳትወስን ግን እንዳትጀምር!

ጥላውን ለብቻው ሌየር (ከሥዕሉ በላይ የሚደረብ ንብርብር) ላይ ሥራና የሌየሩን ሁነታ መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን አጨልሞ የሚያሳይ) አድርገው፤ ከሥር ያለው ቀለም ራሱ አይነካም። ንጹሕ ጥቁር አትጠቀም። ለጠይም ቆዳ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ በጣም ያምራል። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ስታቢላይዘሩን (የመስመሩን መንቀጥቀጥ የሚያለሰልሰውን ቅንብር) ትንሽ ብቻ ጨምር፤ ከበዛ የእጅህ ለዛ ይጠፋል።