ወንድሜ አብዷል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ታናሽ ወንድሜ 21 ዓመቱ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ እጁን መታጠብ አበዛ። መጀመሪያ ጽዳት ወደደ ብለን ስቀንበት ነበር። አሁን ሳሙናው አልበቃ ብሎት በረኪና ይጨምርበታል፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ ይደማል። ብር ሲነካ ይታጠባል፣ የታክሲ በር ሲነካ ይታጠባል። ሌሊት ደግሞ “ቅድም ፎጣውን ነክቼዋለሁ እንዴ?” እያለ ይቀሰቅሰኛል። ትምህርቱን አቋርጧል። እናታችን ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጸበል ትወስደዋለች፣ ጎረቤት “አብዷል” ማለት ጀምሯል። ሳይኮሎጂ ምን ይለዋል? ይድናል ወይ?
የጨነቃት እህት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ፣ ወንድምሽ አላበደም። “እብድ” የሰፈር ቃል እንጂ ሐኪም ካርድ ላይ የሚጽፈው ነገር አይደለም።

አንድ ባህርይ ሰው የማያደርገው ስለሆነ ብቻ ሕመም አይባልም። ለቅሶ ቤት ደረት መድቃት ሌላ አገር ሊያስደነግጥ ይችላል፣ እኛ ጋ የሚታማው ደረቅ ዓይን ይዞ የመጣው ነው። እንዲህ ዓይነቱ መለኪያ ስንት ጉድ እንደሠራ ላሳይሽ፦ በ1851 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ካርትራይት የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም፣ ባሪያዎች ከጌቶቻቸው የሚያመልጡት “ድራፔቶማኒያ” የሚባል በሽታ ይዟቸው ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ሰውየው ነፃነት ፈለገ ተብሎ በሽተኛ ተባለ እኮ!

ስለዚህ ዛሬ ባለሙያ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ሰውየው ራሱ ይሠቃያል ወይ? ትምህርቱን፣ ሥራውን፣ እንቅልፉን ነጥቆታል ወይ? ራሱን ወይም ሌላውን ይጎዳል ወይ? እኔም በር ቆልፌ ሁለቴ ሳልነቀንቀው አልሄድም፣ ግን ከዚያ ሥራዬ እሄዳለሁ። ወንድምሽ መሄድ አቃተው። ልዩነቱ ይሄ ነው።

የነገርሽን ነገር ኦሲዲ ከሚባለው፣ የማይለቅ ሐሳብ መጥቶ አንድን ነገር ደጋግሞ ከሚያሠራው ሕመም ጋር በጣም ይመሳሰላል፣ እርግጡን ግን መርምሮት የሚናገር ባለሙያ ነው። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች መመሪያ ሐሳቡና ድግግሞሹ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲወስድ፣ ወይም ሰውየውን በጣም ሲያስጨንቅና ኑሮውን ሲያበላሽ ነው ሕመም የሚለው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስናና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ መታጠቡ ልክ እንዳለፈ ራሳቸው ያውቁታል፣ ማቆም ነው የሚያቅታቸው። ወንድምሽን ጠይቂው፣ “አውቃለሁ ግን አልቻልኩም” ሳይልሽ አይቀርም።

ከየት መጣ ካልሽ፣ በከፊል በዘር የሚወረስ ነገር አለው፣ የአእምሮ አሠራርም አለበት። እምነቱ ስለላላ ግን አይደለም። ሥር የሚሰደው እንዲህ ነው፦ “ቆሽሻለሁ” የሚል ሐሳብ ይመጣበታል፣ ይጨነቃል፣ ይታጠባል፣ ለጥቂት ደቂቃ ይቀልለዋል። አእምሮው “የተረፍኩት ስለታጠብኩ ነው” ብሎ ይይዛል። በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ይታጠባል።

ሕክምናው ይህንን ሰንሰለት መበጠስ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ቪክቶር ሜየር የተባለ የለንደን ሳይኮሎጂስት፣ ምንም አልሠራ ባላቸው ሁለት ታማሚዎች ላይ ሞከረው፦ የሚፈሩትን እንዲነኩ፣ ከዚያ ግን ልማዳቸውን እንዳይደግሙ አደረገ። ተሻላቸው። ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው፣ ከቀላሉ እየተጀመረ። ባለሙያው “ይህን የበር እጀታ ጨብጥ፣ አትታጠብ” ይለዋል። ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ከገላው አርቆ ይይዛል። ሃያ ደቂቃ፣ አርባ ደቂቃ። ከዚያ ጭንቀቱ ውሃ ሳይነካው በራሱ ይወርዳል። ነገ ደግሞ ብር፣ ከነገ ወዲያ የታክሲ በር። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒትም ይረዳል፣ ግን ለኦሲዲ ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅ ስለሚችል በሁለተኛው ሳምንት “አልሠራም” ብሎ እንዳይጥለው።

አሁን ስለ አንቺ። ሌሊት ሲቀሰቅስሽ “አልነካህም፣ ተኛ” ትዪዋለሽ አይደል? ከፍቅር ነው፣ ግን መልስሽ ልክ እንደ ሳሙናው ነው፣ ለአምስት ደቂቃ አብርዶት ነገ ደግሞ ያስጠይቀዋል። ቀን ረጋ ባለበት ሰዓት አብራችሁ ተስማሙ፦ “ከዛሬ ጀምሮ አልመልስልህም፣ ግን ጭንቀቱ እስኪያልፍ አብሬህ እቀመጣለሁ።” ሳሙና በጉልበት አትደብቂበት፣ በረኪናውን ግን ዛሬውኑ ከቤት አውጪው።

ጸበሉን አልከለክልም፣ እናትሽንም አትጣያት። መድኃኒት ከጀመረ ግን ጸበል ላይ ነኝ ብሎ እንዳያቋርጥ። ደግሞ እዩት፣ ጸበሉ ራሱ ሌላ መታጠቢያ እንዳይሆንበት፤ አንዴ ተጠምቆ “በደንብ አልደረሰኝም” ማለት ከጀመረ ያው በሽታው ነው የሚናገረው። ከተማሽ ያለ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካለው ከዚያ ጀምሩ፣ ካልሆነ አዲስ አበባ አማኑኤል አለ። አማኑኤል መሄድ አበደ ማለት አይደለም፣ ተመላልሰው ታክመው ሥራቸውን የሚሠሩ ብዙ ናቸው። “መኖር ሰለቸኝ” የሚል ቃል ከወጣው ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ውሰጂው።

ጥያቄ፦ አባቴ ከሞተ ሁለት ወር ሆነ። ማታ ማታ በስሜ ሲጠራኝ እሰማለሁ። ትናንት “አቤት” ብዬ ተነሳሁ። እያበድኩ ነው?
ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጥናህ ወንድሜ። አይደለም። ሰው ለሞተባቸው የሟቹን ድምፅ መስማት፣ ጥላውን በር ላይ ማየት የተለመደ ነው፣ ብቻውን ሕመም አይባልም። ቅድም የጠቀስኩት የአሜሪካ መመሪያ በ2022 እ.ኤ.አ. የተራዘመ ሐዘንን እንደ ሕመም ሲመዘግብ፣ ለአዋቂ ቢያንስ አንድ ዓመት ይለፈው አለ። እኛ ሙት ዓመት የምንለው መሆኑ ነው። ድምፁ ክፉ ነገር አድርግ ካለህ፣ ወይም ምግብና እንቅልፍ ጨርሶ እምቢ ካለህ ግን ዓመት አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ሂድ። እስከዚያው ማታ ብቻህን አትደር፣ የአክስትህን ልጅ አምጣና አጠገብህ ይተኛ።