መልስ፦ የ1992ቱን የኦሊምፒክ የነጠላ የተቀናጀ ዋና ወርቅ የወሰደችው ማን ናት?

ሁለቱም ወስደዋል። በባርሴሎና ኦሊምፒክ የነጠላ የተቀናጀ ዋና (ውሃ ውስጥ በሙዚቃ የሚቀርብ ትርኢታዊ ዋና) አንዱ መጽሐፍህ ሲልቪ ፍሬሼትን፣ ሌላው ክሪስተን ባብ-ስፕራግን አሸናፊ ቢልህ አንዳቸውም አልተሳሳቱም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ነገሩን ያበላሸችው አንዲት የነጥብ ማስገቢያ ቁልፍ ናት። ያኔ ዋናተኞቹ ያለ ሙዚቃ የሚሠሯቸው የግዴታ እንቅስቃሴዎች ነበሩ። በእነዚህ ላይ አንዲት ዳኛ ለካናዳዊቷ ፍሬሼት 9.7 ልትሰጥ ብላ 8.7 አስገባች። ወዲያው ነቅታ ላርመው አለች፤ ግን ከረዳት ዋና ዳኛዋ ጋር ሳይግባቡ ነጥቡ ሰሌዳው ላይ ወጣ። አንዴ ከወጣ አይነካም ተባለ። ካናዳ ይግባኝ ብትልም ሰሚ አላገኘችም። ወርቁ ለአሜሪካዊቷ ባብ-ስፕራግ፣ ብሩ ለፍሬሼት ሆነ።

በ1993 ግን ውሳኔው ተከልሶ ፍሬሼትም ወርቅ ተሰጣት። የባብ-ስፕራግን ማንም አልነጠቃትም። እኔም ልክ ነው እላለሁ፤ ጥፋቱ የእሷ አልነበረማ!

አንድ ነገር ልንገርህ፦ መጽሐፉ መቼ እንደታተመ ሳታይ አትከራከር። እኔ አሮጌ መጽሔት ይዤ «ፍሬሼት ብር ብቻ ነው ያላት» ስል ሰው ፊት አፍሬያለሁ። ደግሞ የ1996ቱን የአትላንታ ብሯን ከዚህኛው ጋር እንዳታምታታው። ያ የቡድን ነው፤ የነጠላው ውድድር ያኔ ከኦሊምፒክ ወጥቶ ነበር።