ቡና ጠባቂው ካሜራና ሌሎች የአንባቢዎች ጥያቄዎች

በዚህ ሰሞን ፒያሳ ወደሚገኘው ቢሮዬ ከመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ «ኢንተርኔት ላይ ይህን አየሁ፤ እውነት ነው?» የሚሉ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ እጅግ ደስ ይለኛል። ሰው የገረመውን ነገር ዝም ብሎ ካላለፈው ሌላውም አብሮት ይማራል። አምስቱን መርጫለሁ።

«የልጅ ልጄ በኢንተርኔት የታየው የመጀመሪያው ካሜራ የተተከለው ቡና ለመጠበቅ ነው አለኝ። እየቀለደብኝ ነው?» (ጡረተኛ አባት፣ ከአራት ኪሎ)

አባቴ፣ ልጁ እውነቱን ነው የነገረዎት። ነገሩ የሆነው በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ በሕንፃው ውስጥ ተበታትነው ይሠራሉ፤ የቡና ማፍያቸው ግን አንድ ነበረ። ደረጃ ወርደው፣ ኮሪደር አቋርጠው ሲደርሱ ባዶ ሆኖ ያገኙታል። እ.ኤ.አ. በ1991 መላ ዘየዱ፤ ካሜራ ማፍያው ላይ አነጣጠሩና ቡናው መኖር አለመኖሩን ከየጠረጴዛቸው ማየት ጀመሩ። በ1993 ምስሉን ዓለም ሁሉ እንዲያየው ከፈቱት። ካሜራው በ2001 ሲዘጋ ማፍያው ለጨረታ ቀረበ፤ ሽፒግል ኦንላይን የተባለው የጀርመን የዜና ተቋም በ3,350 ፓውንድ ገዛው።

ታሪኩን ሳነብ ትዝ ያለኝ ቡና ሲፈላ «ቡና ጠጡ» እያለ ከቤት ወደ ቤት የሚሮጠው የሰፈር ልጅ ነው። ካሜራው የሠራው የእሱን ሥራ ነው፤ ሰው ለአቦል እንዲደርስ፣ በረካው ካለቀ በኋላ መጥቶ እንዳያዝን።

«‹ይህ ወር 5 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜና 5 እሑድ አለው፤ በ823 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነው፤ ለ10 ሰው ላኪ› የሚል መልእክት ደረሰኝ። ልላከው?» (ከካዛንቺስ)

እኅቴ፣ አትላኪው። የፈረንጆቹ 31 ቀን ያለው ወር 4 ሳምንትና 3 ቀን ነው፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ወር ሁሉ ሦስት ተከታታይ ቀናት አምስት አምስት ጊዜ ይመጣሉ። በዓመት ሰባት እንዲህ ያሉ ወራት አሉ። ወሩ ዓርብ ሲጀምር መልእክቱ ያለው ይሆናል፤ ይህም አንድ ዓመት ቢዘል በሚቀጥለው ይመጣል እንጂ 823 ዓመት አያስጠብቅም።

ይበልጥ ደስ የሚለው ግን የእኛ አቆጣጠር ነው። ወሮቻችን 30 ቀን በመሆናቸው ከጳጉሜን በስተቀር በእያንዳንዱ ወር ሁለት ቀናት ብቻ አምስት ጊዜ ይመጣሉ፤ ሦስት መሆን ፈጽሞ አይችሉም። መስከረም 1 ማክሰኞ ከዋለ ጥቅምት 1 ሐሙስ፣ ኅዳር 1 ቅዳሜ ይውላል። ሁለት ሁለት ቀን እየጨመርሽ ያለ ወረቀት እስከ ነሐሴ መድረስ ትችያለሽ። ለ10 ሰው መላክ ካማረሽ ይህን ላኪ።

«በኢሜይል አድራሻ መካከል ያለውን ምልክት ማን አመጣው?» (ከሜክሲኮ አካባቢ)

ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971። የመረጠው በሰው ስም ውስጥ ስለማይገባ ነው። ጣሊያኖች ቀንድ አውጣ፣ ሆላንዶች የጦጣ ጅራት፣ ግሪኮች የዳክዬ ጫጩት ይሉታል። እኛ «አት» ብለን ቀርተናል። እኔ ግን ሳየው የተጠቀለለ እንጀራ ይመስለኛል፤ «ጥቅል» ብንለው እወዳለሁ።

«ድንቅነሽ የሚባል ነገር ሰማይ ላይ አለ የሚል ጽሑፍ አየሁ። ድንቅነሽ እዚህ ሙዚየም ውስጥ አይደለችም እንዴ?» (የስምንተኛ ክፍል ተማሪ)

ልጄ፣ ሁለቱም እውነት ነው። የእኛዋ ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ቤቷ አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ፈረንጆች «ሉሲ» ስለሚሏት ናሳ እ.ኤ.አ. በ2021 ያመጠቀውን መንኮራኩር በስሟ ጠራው። ምክንያቱ ደስ ይላል፤ የእሷ አጥንት ስለ ሰው አመጣጥ እንደሚነግረን፣ መንኮራኩሩ የሚጎበኛቸው የጁፒተር አጃቢ አለቶችም ፕላኔቶች እንዴት እንደተፈጠሩ ይነግሩናል ተብሎ ይታመናል።

መንኮራኩሩ በመንገዱ ላይ ለሙከራ የሚያልፍባት አንዲት ትንሽ አለት ነበረች። እሷን በአማርኛው ስም «ድንቅነሽ» አሏት። ስፋቷ ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ከአራት ኪሎ አደባባይ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን መንገድ እንኳ አትሸፍንም። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. መንኮራኩሩ በአጠገቧ ሲያልፍ ማንም ያልጠበቀው ታየ፦ ድንቅነሽ ጨረቃ አላት! ቀጥሎ የመጡት ፎቶግራፎች ደግሞ ጨረቃዋ እርስ በርስ የተነካኩ ሁለት አለቶች መሆኗን አሳዩ። አለትን የምትዞር እንዲህ ያለች ጨረቃ ከዚያ በፊት ታይታ አታውቅም።

ስሟ «ሰላም» ተባለ። ስሙ የተወሰደው በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ አጽሟን ካገኛት ሕፃን ነው፤ ዲኪካ ከሐዳር ብዙም አይርቅም። ብዙዎች «የሉሲ ልጅ» ይሏታል፤ ነገር ግን ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታልና ድንቅነሽን ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ትቀድማታለች። ሙዚየሙ ከትምህርት ቤትሽ ሩቅ ካልሆነ ሄደሽ እያቸው። ከዚያ ማታ ቀና ብለሽ ሰማዩን ስታዪ፣ በዓይን ባይታዩም፣ ሁለት የአማርኛ ስሞች አብረው እየዞሩ ነው።

«ሟች አባቴ ከ25 ዓመት በላይ በፊት በኮምፒውተር የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ስከፍት የማይነበብ የላቲን ፊደል ክምር ይመጣል። ጠፍተዋል ማለት ነው?» (ከሰባራ ባቡር)

አልጠፉም። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር አዘጋጅ «ሀ»ን በፈለገው ቁጥር ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ደብዳቤዎቹ የተጻፉበትን የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ካገኙ የአባትዎ ቃላት እንደነበሩ ይመለሳሉ። የፊደሉ ስም ብዙ ጊዜ በዚያው ፋይል ውስጥ፣ ጽሑፉን መርጠው የፊደል ዓይነት በሚለው ሣጥን ሲያዩ ይገኛል። አሮጌው ኮምፒውተር ካለ አይጣሉት፤ ፊደሉ እዚያ ላይ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ምንም ከመሞከርዎ በፊት ደግሞ ፋይሎቹን ቀድተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።