ቾኮፍላን በቤት ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

ቾኮፍላን የቸኮሌት ኬክና ፍላን (ከወተትና ከእንቁላል የሚሠራ የሚረጋ ጣፋጭ) በአንድ መጋገሪያ አብረው የሚጋገሩበት የሜክሲኮ ጣፋጭ ነው። ልኬቱን በድጋሚ ላስቀምጥና እንጀምር። ለኬኩ 115 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 200 ግራም ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ 220 ግራም ዱቄት፣ 35 ግራም የካካዎ ዱቄት፣ 300 ሚሊ ሊትር አሬራ፣ ከቤኪንግ ሶዳና ከቤኪንግ ፓውደር ሦስት ሩብ የሻይ ማንኪያ እያንዳንዳቸው። ለፍላኑ አንድ ጣሳ ኮንደንስድ ወተት (397 ግራም)፣ አንድ ጣሳ ስኳር የሌለው ኢቫፖሬትድ ወተት (354 ሚሊ ሊትር)፣ 115 ግራም ክሪም ቺዝ፣ 3 እንቁላልና ቫኒላ። መጋገሪያው መሀሉ ቀዳዳ ያለው፣ ወደ 3 ሊትር የሚይዝ ይሁን። በቅቤ ቀቡት፤ መጀመሪያ ካሄታ የተባለው የሜክሲኮ ካራሜል፣ ቀጥሎ የኬኩ ሊጥ፣ በመጨረሻ ፍላኑ ይገባል። በፎይል ከድናችሁ ሙቅ ውኃ በያዘ ትሪ ውስጥ 175 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ጋግሩት። ሳይቀዘቅዝ አትገልብጡት።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ እትዬ፣ ፍላኑን ያፈሰስኩት ከላይ ነበር። ሲበስል ታች የወረደው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ የጣፋጩ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሶዳው ከአሬራው ኮምጣጣነት ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይፈጥራል፤ ሊጡ በጥቃቅን አረፋ ተሞልቶ ይቀልላል። ፍላኑ ግን ወተት፣ እንቁላልና ስኳር ስለሆነ ከባድ ነው። ሁለቱም ገና ሳይረጉ ከባዱ ይወርዳል፣ ቀላሉ ይወጣል። ትሪው ውስጥ ውኃ የምናደርገውም ለዚህ ነው፤ ውኃ ከመፍያ ነጥቡ በላይ ስለማይሞቅ ፍላኑ ቦታውን ሳይዝ አይረጋም፣ እንቁላሉም አይቋጥርም። ውኃው ከመጀመሪያው ሙቅ ይሁን። ፍላኑን በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ አድርገሽ አፍስሺው። ሊጡ ተከፍሎ ቡናማ ጭረቶች ወደ ላይ ብቅ ይላሉ፤ ተይው፣ አታማስዪው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የእኔ አልተሳካም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ ነው ያልተሳካው? ፍላኑ ቀጠነ? ኬኩ ተሰነጠቀ? መጋገሪያው ላይ ተጣበቀ? ሳይነገረኝ መመለስ አልችልም።

ጠያቂዋ፦ ኬኩ በጣም ተነፍቶ መሀሉ ወደቀ።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ይህ ከፍታ ለዚህ ኬክ ባዕድ አይደለም ማለት ነው። ነገር ግን በብዛት የምናገኛቸው ልኬቶች ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፉ ናቸው። በከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ጋዙ አብዝቶ ይለጠጣል፤ ሊጡ ሳይጸና ተነፍቶ ይወድቃል። ሶዳውንም ቤኪንግ ፓውደሩንም ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አውርጂ። ውኃም በአዲስ አበባ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። ፍላን ለመርጋት 80 እና 85 ዲግሪ መካከል ስለሚበቃው ችግር የለውም፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ጨምሪለት።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ኦቭን የለኝም፣ በድስት ይሆናል?

መልስ፦ በእንፋሎት የሚሠሩ አሉ፤ የሞከረ አባል ይመልስልህ።

አባል (ከዋሽንግተን አካባቢ)፦ ሜክሲኮዎች ቸኮሌት ላይ ቃሪያ ይጨምራሉ። ያለ እሱ የሜክሲኮ አይባልም።

አባል (ከሐዋሳ)፦ ኬክ ላይ ቃሪያ? እንግዲያው ሚጥሚጣም ይነስነስበት!

አባል (ከዋሽንግተን አካባቢ)፦ ለምን አይሆንም? በቁንጥር ሞክሪው።

አባል (ከሐዋሳ)፦ ሚጥሚጣ ለክትፎ ነው፤ ኮረሪማው ብቻ ሽታውን ይለውጠዋል።

መልስ፦ ወገኖቼ፣ ወደ ክትፎ አትውሰዱን። የኦሃካ (የሜክሲኮ ግዛት ናት) ቸኮሌት ከስኳርና ከቀረፋ ጋር ይፈጫል፤ ቾኮፍላን ላይ ግን ብዙ ቤት ካካዎ ብቻ ይጨመራል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ ከፈለጋችሁ መልካም ነው። ቃሪያ ግዴታ አይደለም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ካሄታ ካጣሁ ኮንደንስድ ወተቱን ከነጣሳው ብቀቅለውስ?

መልስ፦ ተይ እህቴ። ውኃው ካለቀ ጣሳው ይፈነዳል፣ ሰው ያቃጥላል። ካሄታ በፍየል ወተት ነው የሚሠራው፤ በጓናኋቶ ግዛት ያለችው ሴላያ የታወቀችበት ነው። አንድ ሊትር የፍየል ወተት፣ ሩብ ኪሎ ስኳር፣ አንድ እንጨት ቀረፋ አሙቂ። ከእሳት አውርደሽ ቁንጥር ሶዳ ጨምሪ፤ ይገነፍላልና ድስቱ ትልቅ ይሁን። መልሰሽ በትንሽ እሳት ከአንድ ሰዓት በላይ አማስዪው። ማማሰያው የድስቱን ታች ሲጠርግ መንገዱ ወዲያው ካልተዘጋ ደርሷል። የላም ወተትም ያስኬዳል፤ ያ የፍየሉ ጣዕም ግን ይቀርበታል።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ የጾም ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ወተትና እንቁላል ከወጣበት ፍላን አይደለም።

ጥያቄ (ከመቐለ)፦ እንግዶች ደርሰውብኛል፤ ሞቅ እያለ ብገለብጠው ምን ይሆናል?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ፤ እባካችሁ ሳትጠይቁ አንብቡ። ሳይቀዘቅዝ አትገልብጡት! ፍላኑ ይፈርሳል። መጀመሪያ ውጭ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። ሲወጣ መጋገሪያውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ አስቀምጪ፣ ዳር ዳሩን በቀጭን ቢላዋ ልቀቂ፣ ጠርዝ ያለው ሳህን ደፍተሽ ገልብጪ፤ ካራሜሉ ይፈስሳል። ለእንግዶችሽ ዛሬ ሌላ ነገር አቅርቢ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ፦ ተከድኖ በማቀዝቀዣ ሦስት ቀን።