«ማረም» ወይስ «አርትዖት»?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር ውክፔዲያ ላይ ስለ ከተማችን መጻፍ ጀምረናል። አንዷ ልጅ ስለ አይጠየፍ አዳራሽ በጻፍነው ውስጥ «ንጉሥ ሚካኤል ያሰሩት አዳራሽ» የሚል አገኘች። «በይ አርሚው» ስላት «እኔ ማን ነኝና ነው የማርመው?» አለችኝ። ሌሎቹ «ኤዲት» ይላሉ፤ መጻሕፍት ላይ ደግሞ «አርትዖት»ም «አርትኦት»ም አያለሁ። የትኛውን ላስለምዳቸው?

መልስ፦ መምህርት፣ የልጅቷ ጥያቄ ልቤን ነክቶታል። ትምህርት ቤት ውስጥ ማረም የቀይ እስክሪብቶ ሥራ ነው፤ መምህሩ ያርማል፣ ተማሪው ይታረማል። ልጅቷ የፈራችው ይህን ነው። ከኮምቦልቻ ወጣ ብለው በክረምት ማሳ ቢያዩ ግን ማረም ሌላ መልክ አለው። ደቦ የወጣው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያርማል፤ ሽማግሌውም፣ ከብት ጠብቆ የተመለሰው ልጅም። የሚጠየቀው ቡቃያውን ከአረሙ መለየት ብቻ ነው። ልጅቷ ደግሞ ለይታለች።

እንዲያውም ያገኘችው ቀላል ስሕተት አይደለም። «ሠራ» በንጉሡ ሠ፣ «አሰረ» በእሳቱ ሰ ይጻፋል። ስንናገር ልዩነቱን የሚያሳየን መጥበቅና መላላት ነው፤ ለግንባታው «ሩ» ይጠብቃል፣ ለእስራቱ ይላላል። ፊደላችን መጥበቅን አያሳይም። ስለዚህ ንጉሡ ሠ ከቀረ አዳራሹን ያሠሩት ንጉሥ አዳራሹን እንዳሰሩት ሆኖ ይነበባል። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚሉ ወገኖች ይህን ምሳሌ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ወደ ቃላቱ ስንመጣ፣ «ማረም» ስሕተትን ለማውጣት የሚተካከለው የለም፤ ለመጨመር ግን አይሆንም። ተማሪዎ ስለ ጦሳ ተራራ አዲስ አንቀጽ ብታክል አርማለች አንልም፤ ጽፋለች ወይም አክላለች እንጂ። መጨመሩን፣ መቀነሱን፣ ቦታ ማዛወሩን ሁሉ ባንድ ስም መጥራት ሲፈልጉ «አርትዖት» ይበሉ። ቃሉ ከግእዙ «አርትዐ»፣ አቀና ከሚለው የወጣ ነው። «ርቱዕ አንደበት» ስንል የምናገኘው ሥር ነው፤ ስለዚህም በዓይኑ ዐ ዘር «አርትዖት» እንጂ «አርትኦት» አይደለም። በጨዋታ መሐል «ኤዲት አደረግኩት» ቢሉ አይቆጧቸው፤ ሲጽፉ ግን የራሳቸውን ቃል ይልመዱ።

ውክፔዲያ ስሙን ያገኘበት «ዊኪ» ራሱ የውሰት ቃል ነው። በሃዋይ ቋንቋ ፈጣን ማለት ሲሆን፣ ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ ከሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ አውቶቡስ ስም ወስዶ በ1995 እ.ኤ.አ. ማንም ሊያርመው ለሚችል ድረ ገጹ አወጣው። ውክፔዲያ የመጣው በ2001 ነው።

የ«ዖ» እና የ«ኦ» ነገር የፊደል ወግ ብቻ እንዳይመስልዎ። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ (የዓለም ቋንቋዎችን ፊደላት ለኮምፒዩተር በቁጥር የሚወክለው ሥርዓት) ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር አግኝቷል። ለጆሯችን አንድ የሆኑት እነዚህ ሁለቱ ለኮምፒዩተሩ እንደ «መ» እና «በ» የተለያዩ ናቸው። «አለም» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ «ዓለም» ተብሎ የተጻፈው ሊያመልጠው ይችላል። መፍትሔው የጽሑፉን ርእስ በትክክለኛው ሆሄ መጻፍ፣ በሌላው ሆሄ ደግሞ አንባቢውን ወደዚያ የሚመራ ገጽ መክፈት ነው። ይህን ለልጆቹ ያሳዩአቸው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሥራ ነው።

ልጅቷን ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ውክፔዲያ ላይ የተነቀለ ነገር አይጠፋም፤ እያንዳንዱ ገጽ የቀድሞ መልኮቹን ይዞ ይቆያል፣ ቢሳሳቱም ወደ ነበረበት ይመለሳል። «ሰ»ዋን ወደ «ሠ» ትለውጥና ምክንያቱ በሚጻፍበት ቦታ «ያሰሩት ወደ ያሠሩት፤ ትርጉሙን ስለሚለውጥ» ብላ ትጻፍ።